ቀበቶና ወጌሻ

ከታይዋን ገበያ ወደ ከዚራ ሰፈር በምንሄድበት ባጃጅ ውስጥ ሹፌሩና አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ስለ ሬስሊንግ ክርክር ገጠሙ።

«የሻምፒዮን ቀበቶ ያልወሰደ ሰው የታላላቆቹ ስም የሚከበርበት የዝና አዳራሽ አይገባም» አለ ሹፌሩ።

«አቦ ተወን! አሸናፊው ቀድሞ ለሚታወቅበት ግጥሚያ ቀበቶ ምን ይመሰክራል?»

«ታዲያ በምን ይለካ?»

«ልጆች ሬስለሩን ለመምሰል ሲዘሉ ተሰብረዋል ወይ? በቃ!»

«ስብራት ነው መስፈርቱ?»

«ወላሂ! ሰው ለማይወደው ከጣሪያ አይዘልም። የኔ ሬስለር ሁሌ ይሸነፍ ነበር። ግን በሱ የተነሳ ከሰፈራችን ወጌሻ ጋ ያልሄደ ልጅ የለም።»

ሹፌሩ ሳቀ። «እሺ፣ ያንቺው ይግባ።»

«ገብቷል አልኩህ!»

በልጅነቴ ወጌሻ አሽቶ ያላቃናውን ግራ ክንዴን ከባጃጁ አውጥቼ ነፋስ አስመታሁት።