በሽምብራው መሃል የሚያልፍ መንገድ

ጎርጎራ አጠገብ፣ የጣና ውሃ ሸሽቶ በለቀቀው ጥቁር መሬት ላይ፣ በኅዳር ጠዋት፤ ባሏ የሞተባት ሽታዬ ውሃው ጥሎት የሄደውን የእንቦጭ አረም እየሰበሰበች ትከምራለች፤ የባሏ ታናሽ ወንድም አንለይ ብስክሌቱን ይዞ ከማሳዋ ዳር ቆሟል።

ሽታዬ፦ ነገርኩህ እኮ። ባለፈው ሳምንትም ነገርኩህ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይም ነገርኩህ። አይሆንም።

አንለይ፦ መንገድ እኮ ነው የጠየቅኩሽ እታለም፣ ማሳውን አይደለም። ብስክሌት የምታልፍበት ቀጭን መንገድ።

ሽታዬ፦ ቀጭን መንገድ ቀጭን ሆኖ ሲቀር አይቼ አላውቅም። ዛሬ ያንተ ብስክሌት ያልፋል፣ ነገ የጎረቤት አህያ ይከተለዋል፣ ከዚያ የአገሩ ከብት ሁሉ ውሃ ሊጠጣ በሽምብራዬ ላይ ይወርዳል። አንተ ያኔ ፈረንጆችህን ስታስጎበኝ ነህ። እኔ ዱላ ይዤ ስሮጥ ልውል ነው።

አንለይ፦ ስትሮጪም ፎቶ ያነሱሻል።

ሽታዬ፦ ይሄ ምላስህ ነው ጀልባህን ያሰጠመው።

አንለይ፦ ጀልባዬን የጨረሰው እጅሽ ላይ ያለው አረም ነው። ሞተሩ ላይ እየተጠመጠመ አላንቀሳቅስ አለኝ። ደግሞ አልሰጠመም፤ ቆሞ ነው የበሰበሰ። ቢሰጥም ይሻለኝ ነበር፣ ጠዋት ጠዋት አላየውም ነበር።

ሽታዬ፦ እሱስ እውነትህን ነው።

አንለይ፦ ለዚህ እኮ ነው ወደ ብስክሌት የዞርኩት። በውሃው ላይ መሄድ ካልተቻለ በውሃው ዳር ይኬዳል። ስሚኝማ። ከወደቡ እንነሳለን። በትልቁ ዋርካ ስር እናልፍና ዳር ዳሩን ይዘን፣ ወፎቹ የሚያርፉበት ድንጋይ ጋ ስንደርስ ቆም እንላለን። ከዚያ ባንቺ ማሳ። ከዚያ ደንገል ታንኳ የሚሠሩት ሰዎች ጋ ደርሰን ዓሣ እንበላለን። ያንቺ ማሳ ከሌለ መንገዱ እዚህ ላይ ተቆረጠ። በዚህ ገደል፣ በዚያ ውሃ፤ ሌላ ማለፊያ የለም።

ሽታዬ፦ በገደሉ አፋፍ ላይስ?

አንለይ፦ እሱማ ድንጋይ ብቻ ነው። ብስክሌቱን ተሸክመው ይውጡ?

ሽታዬ፦ በየትኛው ወር ነው የሚመጡት?

አንለይ፦ ታኅሣሥና ጥር። ለገናና ለጥምቀት።

ሽታዬ፦ ይኸውልህ። በታኅሣሥ ሽምብራዬ እሸት ነው። እሸት ያየ ሰው እጁ አያርፍም። አትንኩ ብዬ እንዳልጮህ እንግዶች ናቸው፣ ዝም እንዳልል የዓመት ቀለቤ ነው። ደግሞ ውሃ ሽንት ሲመጣባቸውስ? እዚህ ጥላ የለ፣ ቁጥቋጦ የለ። አመሻሽ ላይ ጉማሬው ለግጦሽ ሲወጣ ቢያገኛቸውስ? ያቺ ጎማ ከጉማሬ ታስመልጣለች?

አንለይ፦ ሳይመሽ እመልሳቸዋለሁ።

ሽታዬ፦ አንዱ ወድቆ እግሩ ቢሰበርስ? ቃሬዛ አለህ? ማን ሊሸከመው ነው? ይሄን ሁሉ ሳታስብ መሬት ስጪኝ ትላለህ።

አንለይ፦ ባለ ማሳው ሁሉ እሺ ብሎኛል እኮ። ከወደቡ ጀምሮ ታንኳ ሠሪዎቹ ድረስ አንድም ሰው እምቢ ያለኝ የለም። እምቢ ያልሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። የገዛ ወንድሜ ሚስት።

ሽታዬ፦ ድንበርተኛዬ ጓዴም እሺ አለህ?

አንለይ፦ ጓዴማ ጠይቄው ሳልጨርስ ነው እሺ ያለኝ።

ሽታዬ፦ ሳትጨርስ?

አንለይ፦ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርጎ፣ «ግድ የለህም አንለይ፣ በፈለግኸው በኩል እለፍ» አለኝ። ጠላም ቀዳልኝ።

ሽታዬ፦ ጓዴ በአንዲት ፈር ከገዛ እናቱ ጋር የተካሰሰ ሰው ነው። ለመሆኑ የት ጋ ነው የሰጠህ? ከወሰን ችካሉ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ?

አንለይ፦ እሱን አላሳየኝም።

ሽታዬ፦ አየህ።

አንለይ፦ ምኑን ነው የማየው?

ሽታዬ፦ ትናንት በሬ ጠምዶ እስከ ውሃው አፍ ድረስ አረሰው። በዚያ በኩል ነው የመጣኸው፣ አላየሁም አትበለኝ።

አንለይ፦ ረስቶት ይሆናል።

ሽታዬ፦ ጓዴ መሬት አይረሳም። አንለይ፣ ካሴ ሊሞት ሰሞን ምን ይል እንደነበር ታስታውሳለህ?

አንለይ፦ አሁን ወንድሜን ምን አመጣው?

ሽታዬ፦ መልስልኝ። ምን ይል ነበር?

አንለይ፦ በሬ ግዙልኝ ይል ነበር። ሰኔ ሲገባ ወጥቼ አርሳለሁ ይል ነበር።

ሽታዬ፦ ጠያቂው ሁሉ ምን አለው?

አንለይ፦ እሺ አለው።

ሽታዬ፦ አንተስ?

አንለይ፦ እኔም እሺ አልኩት። ሰውነቱ አልቆ አልጋ ላይ ተኝቶ ምን ልበለው?

ሽታዬ፦ እኔ ብቻ ነበርኩ የምከራከረው። ምን ድርቆሽ ልታበላው ነው እለው ነበር። ያለፈው በሬህ ሰው የሚወጋ ነበር፣ አሁንም እንደዚያ ያለ ልታመጣብኝ ነው እለው ነበር። ንድድ ይለውና ተነስቶ ይቀመጣል። ስለ በሬ አንቺ ምን ታውቂያለሽ ብሎ ይሰድበኛል። ተሳድቦ ሲያበቃ እህል ይቀምስ ነበር።

አንለይ፦ ይሄን አላውቅም ነበር።

ሽታዬ፦ አንድ ቀን ደከመኝ። ሌሊቱን ሲያቃስት አድሮ፣ ሲነጋ ያንኑ በሬውን አነሳብኝ። እሺ ካሴ፣ እንገዛለን አልኩት። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ ወዲያ ስለ በሬም ሆነ ስለ ሌላ ነገር አንድ ቃል አልተነፈሰም። ያቺን እሺ ባላልኳት ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አንለይ፦ እኔ በሽተኛ አይደለሁም እታለም።

ሽታዬ፦ እነ ጓዴ ግን እንደዚያ ነው የሚያዩህ። አዝነውልህ ነው እሺ የሚሉህ። ማንም እንደማይመጣ ስለሚያስቡ መስጠቱ ምንም አይጎድልባቸውም። እኔ የምከለክልህ እንግዶቹ ይመጣሉ ብዬ ነው። ዓይኔ እያየ ሽምብራዬን ሲረግጡብኝ ይታየኛል። ሌሊት እንቅልፍ ነው ያጣሁት።

አንለይ፦ ጣትሽ ምን ሆኖ ነው የተጠቀለለው?

ሽታዬ፦ ምንም አልሆነ። ሥራዬን ልሥራበት።

አንለይ፦ እንቦጭ ጣት አይቆርጥም።

ሽታዬ፦ ድንጋይ ነው። አፋፉ ላይ ድንጋይ ሳነሳ ወደቀብኝ።

አንለይ፦ አፋፉ ላይ ምን ልትሠሪ ወጣሽ?

ሽታዬ፦ ቀና ብለህ እየውማ። ከቁልቋሉ ጀምሮ እስከዚያች ግራር ድረስ ጠርጌዋለሁ። ከማሳ ስመለስ ትንሽ ትንሽ እያልኩ ነው። ትልልቆቹን ብቻዬን ስላልቻልኩ ላንተ ትቻቸዋለሁ። በዚያ ብታልፉ ማሳዬም ይተርፍልኛል፣ እነሱም ሐይቁን ከላይ ያዩታል። ደግሞ ይሄ እንቦጭ ከላይ ሲታይ አረም አይመስልም። ለማያውቀው ሰው ለምለም መስክ ነው። መጀመሪያ አንተን ልቆጣና ኋላ ላሳይህ ነበር።

አንለይ፦ ይሄን ሁሉ አንቺ አነሳሽው?

ሽታዬ፦ ማን ያንሳው ታዲያ፣ ጓዴ?

አንለይ፦ ተይው እታለም። ከእንግዲህ ድንጋይ አታንሺ።

ሽታዬ፦ ለምን?

አንለይ፦ ተይው ብቻ።

ሽታዬ፦ ለምን አልኩህ?

አንለይ፦ ጎንደር ያለችው ሴትዮ፣ እንግዶቹን ልትልክልኝ የነበረችው፣ ቢሮዋን ዘግታለች።

ሽታዬ፦ መቼ?

አንለይ፦ ለመስቀል ደውላ ነገረችኝ። መንገዱ ሰላም አጥቶ ማን ደፍሮ ይመጣል፣ እኔም ወደ እህቴ አገር ልሄድ ነው፣ አትጠብቅ አለችኝ። እግዜር ይስጥሽ ብዬ ዘጋሁት።

ሽታዬ፦ ከመስቀል ወዲህ ታዲያ እየዞርክ ስትለምን የነበረው ምኑን ነው?

አንለይ፦ እኔ እንጃ። ጠዋት ስነሳ ልብሴን ለብሼ የምወጣበት ነገር ነበር የምፈልገው። ስለ መንገዱ ሳወራ መንገዱ ያለ ይመስለኛል። እነ ጓዴ እሺ ሲሉኝ ግን ሆዴ ይባባል፤ ለምን እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ። ከነሱ ቤት እወጣና ወዳንቺ እመጣለሁ። አንቺ ትቆጪኛለሽ፣ ከብቱ፣ እሸቱ፣ ጉማሬው ትይኛለሽ። ማታ ቤቴ ገብቼ ነገ ምን ብዬ ላሳምናት እያልኩ አስባለሁ። ሰው የምሆነው ያኔ ነው።

ሽታዬ፦ ሌላ የሚልክልህ ሰውስ የለም?

አንለይ፦ የለም።

ሽታዬ፦ ብስክሌቶቹስ?

አንለይ፦ ጎተራው ስር ቆመዋል። ጎማቸው ተንፍሷል፣ ሰንሰለታቸው ዝጓል። ይቺን ብቻ ነው የምነፋት፣ ወዳንቺ ለመምጣት።

ሽታዬ፦ ለሚስትህ ነግረሃታል?

አንለይ፦ ገና ላንቺ መናገሬ ነው። ግን እኮ ሁልጊዜ እንዲህ ሆኖ አይቀርም። ለከርሞ ቢሆን፣ መንገዱ ሰላም ቢሆን፣ ሊመጡ ይችላሉ። አይችሉም? እታለም?

ሽታዬ፦ በየት በኩል ነበር የፈለግኸው?

አንለይ፦ ምኑን?

ሽታዬ፦ መንገዱን። በችካሉ በኩል ነው ወይስ በውሃው በኩል?

አንለይ፦ ተይ እታለም።

ሽታዬ፦ በመሃል ቢሆንም ግድ የለኝም።

አንለይ፦ ከብቱ ይከተለዋል አላልሽም? እሸቱን ይነኩብኛል አላልሽም? አሁን እንኳ እንዲያ ስትይኝ ነበር። እምቢ በይኝ እንጂ።

ሽታዬ፦ እሺ አንለይ። በፈለግኸው በኩል እለፍ።