ስኮትላንዳዊው አባት ዘር ሲቆጥር

ወሬው ጆሮዬ የገባው ቅዳሜ ጠዋት ከኪዳን ስመለስ፣ ኦሮራ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ውስጥ አውቶቡስ ላይ ነው። ከፊቴ አንዲት ትልቅ ሴትና አንዲት ወጣት ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ የእህትዎ ልጅ ሽምግልና እንዴት ሆነ?» አለች ወጣቷ።

«ተበላሸ! ሊያገባት የጠየቃት ልጅ አባት ስኮትላንዳዊ አይደል? ከሽማግሌዎቹ ጋር መጥቶ፣ ዘርህን ቁጠር ቢባል ሰባት ቤት አልበቃውም፤ ሰባት መቶ ዓመት ቆጠረ።»

«ታዲያ ምን ከፋ?»

«መኳንንት ናቸው። አንዱ ከንጉሥ ጋር ዘምቶ ግንብና መሬት ተሰጠው። ልጁ ንጉሥ ከድቶ አንገቱ ተቀላ። የልጅ ልጁ ደግሞ ርስቱ እንዳይበተን የአጎቱን ልጅ አገባ።»

«የአጎቱን ልጅ? በስመ አብ!»

«ሰውየው በኩራት ነው የሚያወራው! የልጅቷ አባት ብድግ አለና፣ ዘመድ ከሚያገባ ቤት ልጄን አልሰጥም ብሎ ሁሉንም አሰናበተ።»

«ውይ! ያ እኮ ድሮ ነው።»

«እኔስ ምን አልኩ? ሰባት ቤት የሚቆጠረው ሁለቱ እንዳይዛመዱ ነው። ስኮትላንድና መንዝ የት ተገናኝተው? አዳራሽ ቡክ ያደረገች ልጅ ክፍሏን ዘግታ ታለቅሳለች፣ አባቷ የሞተ ሰው ይከሳል!»

እኔም አንገቴን ደፍቼ፣ እዚያ የነበራችሁ ሽማግሌዎች፣ ስለ እመቤታችን ብላችሁ ያን በር ደግማችሁ አንኳኩ ስል በልቤ ለመንኩ።