ነጩ ጭስ

ዝናቡ ድንገት ቢወርድብኝ የኖራ ፋብሪካው በር አጠገብ ወዳለው መጠለያ ሮጬ ገባሁ። አግዳሚው ላይ ሠራተኛው ሁሉ «የእሳት አባት» የሚላቸው የምድጃው ሹም ከወንድማቸው ልጅ ጋር ተቀምጠው ይከራከራሉ። እኔ በዚያ ፋብሪካ ክሊኒክ ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገልኩ ነርስ ነኝና ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። ልጅቱ ኬሚስት ሆና ተመልሳለች። ከምድጃው የሚወጣውን ጋዝ ይዞ ሜታኖል ወደሚባል ፈሳሽ የሚለውጥ መሣሪያ አምጥታለች፤ ሳምንት ሙሉ ግን ቱቦውን የሚገጥምላት ሰው አጥታለች። እሳቸው «ይሁን» ካላሉ እዚያ ግቢ ውስጥ ብሎን አይፈታም።

«ልጄ፣ ጭስ ወጥቶ የሚሄድ ነገር ነው» አሏት። «ከጭስ ነዳጅ እቀዳለሁ ማለት ላም አለኝ በሰማይ ነው።»

እሷ በትዕግሥት አስረዳቻቸው። የኖራ ድንጋዩ ሲቃጠል ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል። ያንን ጋዝ፣ በፀሐይ ኤሌክትሪክ ከውሃ ከተለየ ሃይድሮጅን ጋር ቢያዋህዱት፣ ሙጫና ቀለም የሚሠራበት፣ ሞተርም የሚያንቀሳቅስ ፈሳሽ ይገኛል። ብዙ ኃይል እንደሚበላም አልደበቀችም።

ሹሙ ግን የራሳቸው ትምህርት አላቸው፤ የሚገድለው ጥቁሩ ጭስ ነው፣ ነጩ ንጹሕ ነው ይላሉ። ስለዚህ በብርድ ጊዜ ሠራተኛው ከምድጃው ሥር፣ ኖራው በሚወጣበት ጉድጓድ ገብቶ ይሞቃል፤ እዚያው አረፍ ይላል። አዲስ ሰው ሲቀጠርም መጀመሪያ የሚያሳዩት ያንኑ ቦታ ነው። ደግነታቸው መሆኑ ነው፤ እንዲህ ካለ ደግነት ይሰውረን።

«ጋሼ፣ አባቴ የት ነው የሞተው?» አለች።

«ጉድጓዱ ውስጥ» አሉ። «ልቡ ነው የከዳው።»

«ልቡ ደህና ነበር። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፤ ከአየር ስለሚከብድ ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀማል። እዚያ የተኛ ሰው አይነቃም። እኔ ልይዘው የምፈልገው እሱን ነው።»

«እኔ ነኝ የላክሁት» አሉ። «በርዶት ነበር፤ ሂድና ሞቅ በል አልኩት።»

«አላወቁም ነበር፣ ጋሼ» አለች። ከዚያ በላይ አላጽናናቻቸውም።

ሹሙ መካኒኩን አስጠርተው ቱቦው ዛሬውኑ እንዲገጠም፣ ጉድጓዱም እንዲታጠር አዘዙ። ሜታኖሉ ለእንጨት ፋብሪካዎች ይሸጣል፤ የቀረው ለመኪኖቹ ይሆናል፤ ሰማዩ ላይ የሚጨመረውም ጋዝ ይቀንሳል። ከሁሉ በላይ ሠራተኛው በሕይወት ወደ ቤቱ ይገባል። ጥቅሙ ይህን ያህል ግልጽ ነበር፤ ከአባቷ ጋር በዚያ ጉድጓድ የሞተ ሦስት ሰው ግን ቀድሞ ተቀብሯል።

በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሩ። «ሐኪሙ፣ ያኔ ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም?»

«ነበረ፤ እኔ ነኝ» አልኩ። ጋዙ ምን እንደሚያደርግ ተማሪ ሳለሁ ተምሬዋለሁ፤ ሦስቱንም አስከሬን አይቻለሁ። ሹሙን ማሳፈር ከበደኝ፤ ከሥራ መባረርም ፈራሁና የሞት ወረቀታቸው ላይ «የልብ ድካም» ብዬ ፈረምኩ። እሳቸው ባለማወቅ ገደሉ፤ እኔ የተማርኩት ግን እያወቅሁ ዝም አልኩ።

ልጅቱ ያጎቷን ክንድ ይዛ አስነሣቻቸው። ዝናቡ ገና አላባራም፤ እነሱ ግን ከእኔ ጋር ከመጠለል መበስበሱን መረጡ።