ባና የለበሰው ስፒከር

እንዴት አደርሽ ሸዋረጋ? ነይ እስቲ ካቡ ጥግ፣ ፀሐዩ ላይ ተቀመጪ። የዛሬው ውርጭ መቼም ለጉድ ነው፤ ባቄላዬን ቀቅሎት አደረ። ያንቺስ ተረፈ? ተመስገን። በጎቹስ? ግራጫዋን ሸለትሻት አሉ… ሸልተሽ ሳትጨርሺ ብርዱ መጣባት፣ ምስኪን። እኔም ይኸው የአምናውን ፀጉር ልፈትል እንዝርቴን ይዤ ወጣሁ። እጄ ሥራ ካልያዘ አፌ አያርፍም፤ ታውቂኛለሽ።

ጮህኩብሽ እንዴ? ነፋሱ ቃሌን እንዳይወስደው ብዬ ነው። ከካቡ ወዲያ ገብስ የሚያሰጡ ሰው አሉ? ይኖራሉ እንግዲህ፤ ግቢያቸው ነው። እኔ ምን አገባኝ… ስም አልጠራሁ።

ይልቅ ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የነገርሽኝ ነገር ሆዴ ውስጥ አደረ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፣ አንቺም ምስክር ተቆጥረሻል አልሽኝ አይደል? «ያቺ የምሥራች የምትባለው ጠላ ቤቷ ውስጥ በምታስጮኸው ነገር ሰፈር ታወከ፣ ይዘጋልኝ» ብለው የከሰሱት እሜቴ ናቸው አሉ። እሜቴ ስል ግራ አይግባሽ። ድሮማ «አንቺ» ነበር የምንባባለው፤ ከአንድ ምንጭ ቀድተን፣ በአንድ መንገድ እንስራ ተሸክመን ያደግን ነን። ያ የሚናገር ዕቃ ከአዲስ አበባ ከመጣ ወዲህ ግን «አንቺ» ልል ስል አፌ እንቢ ይለኛል። ከፍ አሉብኝ… ምን ላድርግ?

መቼም ልጅ ከተባለ የእሳቸው ልጅ ነው! ራሱ መምጣት ባይመቸው የሚያናግራቸው ዕቃ ላከላቸው። ሥራ ይበዛበታል… ፋሲካም፣ ጥምቀትም፣ መስቀልም ሥራ ላይ ነው የሚውለው መሰለኝ። እንዲህ የሚያስብ ልጅ ስንት እናት አላት? የእኔዋ ልጅ ገሊላ ምን ታውቃለች? በየበዓሉ ባዶ እጇን ትመጣና እግሬን አጥባ፣ ፀጉር ነድፋልኝ፣ ስታስለፈልፈኝ አድራ ትሄዳለች። ዕቃ የሚባል ነገር አምጥታልኝ አታውቅም።

ስፒከሩንማ አይተሽዋል። ውድ ነው። ውድ መሆኑን ያልሰማ ሰው ሞላሌ ውስጥ አለ እንዴ? ድምፁ ደግሞ… እግዜር ያየዋል፣ ልዋሽ አልችልም፣ ያምራል! ሲዘፍን የግድግዳው ድንጋይ ሁሉ የሚያዜም ነው የሚመስለው። እሜቴም «ከእንግዲህ ጠጪ ሁሉ ወደኔ ነው» ብለው ጠላ ቤታቸው ውስጥ ከወይራው ጠረጴዛ ላይ ሰየሙት። እውነትም የመጀመሪያው የገበያ ቀን መቀመጫ ጠፋ። እኔ ራሴ ቆሜ ነው ያየሁት። ቁጭ በይ ያለኝ አልነበረም… ሰው በዝቶባቸው ነው እንጂ ንቀውኝ አይመስለኝም።

ታዲያ ምን ነካው ትይኝ ይሆናል። ምንም አልነካው። ሰው ይመርጣል፣ ያ ብቻ ነው። በግ ነጋዴው ጋሽ አወቀ ከሞባይሉ መዝሙር ሊያሰማበት ቢሞክር አልቀበልም አለው። ለካ የራሱ ወገን፣ ከሱው ፋብሪካ የወጣ ሞባይል ካልሆነ አይጠጋም! እዚህ አገር የእሱን ወገን ሞባይል የያዘ ማን አለ? ሚሞሪ አይጎርስም። ዘፈን ሲሉት ከራሱ ጎተራ ብቻ ነው የሚያወጣው፣ ያውም ኔትወርክ ሲኖር… ኔትወርካችንን እንተወው። አማርኛ የሚባል አይገባውም። ልጃቸው በስልክ ያስጠናቸውን የእንግሊዝኛ ቃል ሲሉት ግን ቶሎ ይነቃል። ሌላው ሰው ያንኑ ቃል ቢለው ዝም! የሰፈርን ሰው መናቅ ከማን ተማረው አልልም… ዕቃ ነው፣ ምን ያውቃል?

የዚያን የመጀመሪያ ገበያ ዕለት ደግሞ መሪጌታ ገብረ አማኑኤልን ከላይ አስቀምጠው፣ «ይጠይቁት አባ፣ የማያውቀው የለም» አሏቸው። መሪጌታ በጣታቸው ቆጥረው የሚያውቁትን ነገር፣ ለአክብሮት ብለው፣ «የነነዌ ጾም ዘንድሮ መቼ ይገባል?» አሉት። አልነቃም። እሜቴ ጎንበስ ብለው በእንግሊዝኛቸው ቀሰቀሱት፣ መሪጌታም ደገሙለት። ያኔ በዚያ በሚያምር ድምፁ ረጋ ብሎ አንድ ነገር ተናገረ። መሪጌታ ቡራኬ መስሏቸው ከወንበራቸው ከፍ ብለው «አሜን!» አሉ። ቤቱ ሁሉ ተከትሎ «አሜን!» አለ፤ እኔም ቆሜ ብያለሁ። አስተማሪው ይሥሐቅ ግን ጥግ ላይ ሳቁን በጋቢው ሲያፍን አየሁትና «ምን አለ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «‹አልገባኝም፣ እንደገና ይሞክሩ› ነው ያለው» አይለኝም መሰለሽ? በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ትሕትና «አሜን» ሲባልለት ያየሁት ያን ቀን ነው።

አትሳቂ! ሲስቁ ይሰማል…

ከዚያ ውርጩ መጣ። እሜቴ መቼም ርኅሩኅ ናቸው፤ «ከሞቀ አገር የመጣ ነው፣ የመንዝ ብርድ ይመታብኛል» ብለው የበግ ፀጉር ባና አለበሱት። ከላይ እስከ ታች፣ ሽፍን። በነጋታው ቢጠሩት አይሰማም። ቢጮሁበት ከውስጥ እንደታፈነ ሰው እም… እም… ይላል። «ወይኔ፣ ብርድ መታው፣ ድምፁ ተዘጋ!» ብለው ሁለተኛ ባና ደረቡለት። ፌጦ ሳያስሸትቱት ቀርተው ነው? መቼም እዚህ አገር ድምፁ የተዘጋ ሰው ሌላ ምን ይደረግለታል? ልጃቸው በስልክ «እማዬ፣ የሚሰማበትን ጆሮ እኮ ነው የሸፈንሽው!» እስኪላቸው ድረስ እንደ አራስ ተጠቅልሎ ከረመ። በኋላ ሲያነሡት ከወይራው ጠረጴዛ ላይ ነጭ ክብ ምልክት ትቷል፤ ቢያሹት፣ ቅቤ ቢቀቡት አይለቅም። የተከበረ እንግዳ የተቀመጠበት ይታወቅ እንጂ… ምን ይደረግ?

ይህ ሁሉ ሲሆን ጠጪው የት ሄደ ትያለሽ? መንገድ ተሻገረ። የምሥራችን ታውቂያታለሽ፣ እዚያ ቀየት ባሏን ፈትታ የመጣችው። ምን አላት እሷ? መስታወቱ የተሰነጠቀ ሞባይልና ጣሳ የምታህል ርካሽ ስፒከር። ድምፁማ ጉንፋን የያዘው ፍየል ነው። ግን የማንንም ሞባይል ይቀበላል፣ ሚሞሪ ይጎርሳል፣ መብራት ሲጠፋ አይጠፋም። ሞባይሏን ደግሞ ባማርኛ ይጠይቁታል፣ ባማርኛ ይመልሳል። «ወደ ዓለም ከተማ የሚሄደው መኪና ስንት ሰዓት ይነሣል?» ይሉታል። «የበጉን ሳል ምን ያድነዋል?» ይሉታል። ይሳሳታል እኮ! መስከረም ላይ ጋሽ አወቀን «ዛሬ ዝናብ የለም» ብሎ ሰዶት በስብሶ ተመለሰ። ተመልሶ የት ገባ መሰለሽ? እዚያው፣ ሊሰድበው! ባማርኛ ሰደበው፣ እሱም ባማርኛ ይቅርታ ጠየቀው፣ ቤቱ በሳቅ ሞተ፣ ጋሽ አወቀም ጠላውን ጠጥቶ ሄደ። ውዱ ግን አይሳሳትም… ምን ብሎ ይሳሳታል? ማን ያናግረዋል?

እሜቴም ከዚያ ወዲህ ነው ጩኸት የሚያማቸው። ራሴን ይወቅረኛል ብለዋል አሉ። ያማል እንግዲህ፤ ሰው ሲስቅ በመስኮት መስማት ቀላል አይደለም።

ሸዋዬ፣ እኔ አትሂጂ አልልሽም። ሂጂ፣ መስክሪ። «ጩኸት ሰምተሻል ወይ?» ሲሉሽ «ሰምቻለሁ» በይ፤ ሐሰት አይደለም። «የምን ጩኸት ነው?» ቢሉሽ… እሱን አንቺ ታውቂያለሽ። «እስከ ስንት ሰዓት ነው?» ቢሉሽ፣ ጀንበር ስትጠልቅ በሯን እንደምትዘጋም አንቺው ታውቂያለሽ። ልጅቱ ቤቷን ብትዘጋ ቀየት ተመልሳ ከወንድሟ ሚስት ደጅ ነው የምትቆመው፤ ያች ሴት ደግሞ እንኳን እንግዳ የራሷን ጥላ አትወድም አሉ። ግን ይህ እሜቴን ምን ያገባቸዋል? እሳቸው የተጨነቁት ለሰፈሩ ዕረፍት ነው።

ኧረ ቆይ… ይህ ትከሻሽ ላይ ያለው ባና ጥሩ ነው! አዲስ ነው? ጥለቱን የት ነው የማውቀው… አሃ። የላይኛው ነው፣ ስፒከሩ ላይ የተደረበው። እሜቴ ሰጡሽ? እንዴት ያሉ ደግ ናቸው! ያምርብሻል። አታውልቂው፣ ምን አልኩሽ? እሱ ዕቃ ስለሆነ ነው ይህን ለብሶ መስማት ያቃተው፤ አንቺማ ሰው ነሽ፣ ለብሰሽውም ትሰሚያለሽ አይደል?

ከካቡ ወዲያ ሰፌድ ወደቀ መሰለኝ… ነፋሱ ይሆናል። ገብሱ እንዳይደፋባቸው።

በይ ልነሣ፣ በጎቹ ውሃ ይፈልጋሉ። እነሆ ስም አልጠራሁ፣ ሰው አላማሁ፤ ሳልመርቃቸው ብሄድ ግን ነውር ነው። እግዜር ዕድሜውን ያርዝምላቸው። ሽበቱን ያልብሳቸው። የልጃቸውን ስጦታ ከብልሽት ይጠብቅላቸው። ሽማግሌዎቹም ይፍረዱላቸውና፣ የሚስቅ ጎረቤት ሳይረብሻቸው፣ በራቸውን የሚገፋ ሰው ሳያስቸግራቸው፣ በዕረፍት ያኑራቸው። አልጋ የያዙ ቀን፣ ጉሮሯቸው ደርቆ «ኧረ ውሃ አቀብሉኝ» ሲሉ፣ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ያ ልጃቸው የላከው ዕቃ ይመልስላቸው።