በፊልም ደጋግመው የሞቱት ጋሽ አይተንፍሱ

ወዳጅ ዘመዶች፣ ጎረቤቶች፣ የሥራ ባልደረቦች፤ መርዶውን በስልክ ስንነግራችሁ አንዳንዶቻችሁ «ደግሞ በየትኛው ፊልም ላይ?» ብላችሁ ጠይቃችሁናል፤ አልተቀየምንም፤ እሳቸው ቢሰሙ ኖሮ ከማንም በላይ የሚስቁት ራሳቸው ነበሩና። ዛሬ ግን ካሜራ የለም። ስለዚህ ይህ ታናሽ ወንድማቸው በተጣለበት አደራ መሠረት፣ ሁላችሁም «ጋሽ አይተንፍሱ» እያላችሁ የምትጠሯቸውን የታላቅ ወንድሙን ዜና ሕይወት፣ ድምፁ እስከበረታ ድረስ ያነብላችኋል።

ጋሽ አይተንፍሱ ከአናጢው አባታቸውና ዳቦ ጋግረው ይሸጡ ከነበሩት እናታቸው የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው ከእኩዮቻቸው የሚለዩበት አንድ ተሰጥኦ ነበራቸው፤ ይኸውም ፀጥ ማለት ነው። ድብብቆሽ ሲጫወቱ በአባታቸው የእንጨት ሥራ ቤት፣ ግድግዳ ከተደገፈው ጣውላ ጀርባ ገብተው ትንፋሻቸውን ውጠው ሲቀመጡ፣ ፈላጊው ታክቶት ወደ ቤቱ ይገባል፣ ጨዋታው ይፈርሳል፣ እናታቸው እሪታቸውን ሊያቀልጡት ሲሉ እሳቸው ሰጋቱራቸውን እያራገፉ ለእራት ብቅ ይላሉ። ታናሽ ወንድማቸው በዚህ ጨዋታ አንድም ቀን አሸንፏቸው አያውቅም፤ እስከ ዛሬም ይቆጨዋል።

ትምህርታቸውን በሚገባ ካጠናቀቁ በኋላ ወደ ጤና ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ገብተው በራጅ ሙያ ተመረቁ። ይህን ሙያ ለምን እንደመረጡ ሲጠየቁ ስለ ሳይንስ ፍቅር ብዙ ይናገሩ ነበር፤ እውነቱ ግን በምዝገባው ቀን የራጅ ሰልፍ ከሁሉም አጭር ስለነበረ ነው። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም እንዲሉ፣ አጭሩ ሰልፍ ለረጅም የሥራ ዘመን አበቃቸው።

በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ በሩ ላይ ቀይ አምፖል በሚበራበት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ጨረር የሚከላከለውን ከባዱን የእርሳስ ሽርጥ ታጥቀው ጎልማሳነታቸውን በሙሉ አገለገሉ። የታማሚው ደረት ከቀዝቃዛው ሰሌዳ ላይ ከማረፉ በፊት ሰሌዳውን በጨርቅ አሸት አሸት አድርገው የሚያሞቁ፣ ከሕፃን እስከ አዛውንት ሁሉን አንቱ ብለው የሚያስተናግዱ ባለሙያ ነበሩ። ከዚያም ከመስታወቱ ጀርባ ገብተው «አይተንፍሱ… አይንቀሳቀሱ…» ይላሉ፤ ማሽኑ ጠቅ ሲል ደግሞ ለስለስ ባለ ድምፅ «አሁን ይተንፍሱ» ይላሉ። ቅጽል ስማቸው የወጣው ከፊተኛው ትእዛዝ ቢሆንም፣ እሳቸው የሚወዱት ሁለተኛውን እንደነበር ደጋግመው ይናገሩ ነበር።

በዚያ ሁሉ ዘመን ሁለተኛውን ትእዛዝ የረሱት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሳል ጠንቶባቸው ለምርመራ የመጡ አንዲት ወጣት ልብስ ሰፊ ደረታቸውን ሰሌዳው ላይ አስደግፈው ትንፋሻቸውን እንደያዙ፣ ጋሽ አይተንፍሱ በወጣቷ ውበት ፈዘው ከመስታወቱ ጀርባ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ፤ የነቁትም ወጣቷ ፊታቸው ደም ለብሶ መስታወቱን በጡጫ ሲደበድቡት ነው። ከዚያ በኋላ ይቅርታ ለመጠየቅ እየተመላለሱ፣ ያልተቀደደ ሱሪ እያስጠገኑ፣ በመጨረሻ ተጋቡ። «ይኼ ሰውዬ እኮ እስካሁን ይተንፍሱ አላለኝም» የሚለው የባለቤታቸው የዘወትር ቀልድ ሆኖ ኖረ። በትዳራቸውም አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተው፣ አስተምረው፣ ለወግ ለማዕረግ አበቁ።

ጡረታ ሲወጡ መሥሪያ ቤታቸው የግድግዳ ሰዓት ሸለማቸው። ለሥራ ፈት ሰው ሰዓት መስጠት የማን ሐሳብ እንደነበር ቤተሰቡ እስከ ዛሬ አያውቅም። መጀመሪያ የባለቤታቸውን ክር በየቀለሙ ደረደሩ፤ ቀጥሎ መቀሶቹን በየቁመታቸው ሰቀሉ፤ በኋላም ልብስ ለመለካት የመጡ ደንበኞችን «አይንቀሳቀሱ!» እያሉ ማስደንገጥ ሲጀምሩ፣ ባለቤታቸው «አንተ ሰውዬ፣ ወይ ሥራ ፈልግ፣ ወይ እኔም ጡረታ ልውጣ!» አሉ። ጋሽ አይተንፍሱ ከዚያ ወዲያ ፂማቸውን መላጨት ተዉ፤ ፀሐይ አናት ላይ እስክትወጣ መተኛት ለመዱ፤ በዓለም ላይ የሚፈልጋቸው ሰው የቀረ አልመስላቸው አለ። ያን ጊዜ ቤቱ በእውነት አዝኖ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን በጎረቤት ግቢ ፊልም ሊቀረጽ መጣ! መብራቱ፣ ገመዱ፣ ሩጫው ሰፈሩን ቀወጠው። በፊልሙ ታሪክ የሚሞተውን ነጋዴ ሆኖ የሚሠራው ተዋናይ ግን ሬሳ መሆን አቃተው፤ ሆዱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ዓይኑ ይርገበገባል፣ በለቅሶው መካከልም አስነጠሰ። በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው ይመለከቱ የነበሩት ጋሽ አይተንፍሱ ሙያቸው አላስችል አላቸውና በዚያ በሆስፒታል ድምፃቸው «አይተንፍሱ!» ብለው ጮኹ። ቀረጻው ተበላሸ፤ ወጣቷ ዳይሬክተርም በንዴት «እስቲ እርስዎ ይምጡና ይሙቱ!» አለች። እሳቸውም በነጠላ ጫማቸው መጡ፣ ተኙ፣ ሞቱ። አሟሟታቸው ከማማሩ የተነሳ ካሜራ የያዘው ሰው ደንግጦ እጃቸውን ይዞ ትርታቸውን ዳሰሰ!

ከዚያማ ማን ይቻላቸው! በጩቤ ተወጉ፣ በውኃ ሰጠሙ፣ ከፎቅ ወደቁ፣ በመርዝ አለቁ። ማልደው እየተነሱ፣ ፂማቸውን ሙልጭ አድርገው እየተላጩ፣ «ከሞቱ አሟሟቱ!» እያሉ ከቤት ይወጣሉ። ባለቤታቸው ግን ነገሩን እንደ ሟርት ቆጥረው ክፉኛ ተቆጡ። «በሞት ይቀለዳል? ሳትሞት የምትውልበት ፊልም ሲመጣ ጥራኝ፣ ያኔ እመጣለሁ» ብለው፣ ከሠሯቸው ፊልሞች አንዱንም ሳያዩ ቆዩ። መንገደኛው ሁሉ እያስቆመ ሲያደንቃቸው፣ የጋሽ አይተንፍሱ ልብ የምትፈልገው አንዲት ተመልካች ብቻ ነበረች።

ይህንኑ ለዳይሬክተሯ አዋዩዋት። እሷም ከጡረታ በኋላ የሕይወቱን ትርጉም ስለሚፈልግ አንድ ሽማግሌ የሚተርክ፣ የሚያስቅም የሚያስለቅስም ፊልም ጽፋ መሪ ተዋናይ አደረገቻቸው፤ ያውም እስከ መጨረሻው የማይሞቱበት! ነገር ግን መከራው ያን ጊዜ ጀመረ። ካሜራው መቅረጽ ሲጀምር ጋሽ አይተንፍሱ በልማድ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤ ፊታቸው ይጠቁራል፤ ቃል አይወጣቸውም። በዚያው ሰሞን ልባቸው መድከሙን ሐኪም ነግሯቸው ስለነበር፣ ፊልሙ ሳያልቅ፣ ባለቤታቸውም በፊልም አንድ ቀን እንኳ ሳያዩአቸው ዕድሜያቸው እንዳያልቅ ሰጉ። ዳይሬክተሯ መላው ቢጠፋት መኪና ልካ ባለቤታቸውን አስመጣች። ወይዘሮዋም የልብስ መለኪያ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ መጥተው፣ ከካሜራው ጎን ቆመው፣ የባላቸውን ጭንቅ ጥቂት ተመለከቱና፣ ከጋብቻቸው በፊት የተነፈጉትን ቃል መልሰው ሰጧቸው፤ «አሁን ይተንፍሱ!» አሉ። ጋሽ አይተንፍሱ ተነፈሱ፤ ሳቁ፤ ተናገሩ! ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ቀረጻ ያለዚህ ትእዛዝ አልተጀመረም።

ፊልሙ የተመረቀ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ባለቤታቸው አሁን ሞተ፣ አሁን ሞተ እያሉ በስጋት የጋሽ አይተንፍሱን እጅ ጨብጠው ተመለከቱ፤ በመጨረሻው ትዕይንት ሽማግሌው አውቶቡስ ተሳፍሮ በመስኮት እጁን እያውለበለበ ሲሄድ፣ «አልሞተም! አልሞተም!» ብለው ከመቀመጫቸው ተነስተው አጨበጨቡ፤ አዳራሹም ተከትሏቸው ተነሳ። በዚያች ሰዓት ጋሽ አይተንፍሱ እንደ ሕፃን አለቀሱ፤ ከዚያ በፊት ሲያለቅሱ ያያቸው ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሕመሙ እየበረታ ቢሄድም፣ አልሞት ባይ ተጋዳይ ሆነው፣ ሊጠይቃቸው ለመጣ ሁሉ በፊልም የሞቱትን ሞት በየዓይነቱ እያሳዩ ጠያቂውን በሳቅ ሲያፈርሱት ቆዩ። በመጨረሻም በአንድ ፀሐያማ ማለዳ፣ የስፌት መኪናው ድምፅ ከሚሰማበት ክፍላቸው፣ ያለ ምንም ልምምድ በፀጥታ አረፉ። ባለቤታቸው አላመኑም፤ ጎንበስ ብለው «አሁን ይተንፍሱ» አሏቸው፤ ደገሙላቸው። ጋሽ አይተንፍሱ ይህን ቃል ሰምተው ሳይታዘዙ የቀሩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ውድ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንደ ልጃቸው የሚወዷትን ዳይሬክተር፣ እንዲሁም ዛሬም በድብብቆሹ የተሸነፈውን ታናሽ ወንድማቸውን ትተውልን ሄደዋል። የስንቱን ደረት ከብርድ እንዳዳኑ ሁሉ፣ ፈጣሪ የሚያርፉበትን አፈር እንደዚያ ሰሌዳ አሙቆ ይቀበላቸው፤ እኛ ብንላቸው እንቢ ያሉትን ቃል እሱ ራሱ በለሰለሰ ድምፁ ይንገራቸው፤ አሁን ይተንፍሱ። አሜን።