የየትኛው አትክልት ዘይት?

ብስኩት ጋጋሪው ሽማግሌ ወደ ማተሚያ ቤቱ ጎራ ያሉት አዲስ መጠቅለያ ሊያሳትሙ ነበር። የማሽኑ ጩኸት ጆሮ ያደነቁራል። ከኮምፒውተሩ ኋላ ያገኟት ግን ያልጠበቋት ሰው ሆነች፤ የሟች ጓደኛቸው ልጅ፣ ተምራ የጽሑፍ አዘጋጅ ሆና።

«ጋሼ! ምን እግር ጣለዎት?» ብላ ብድግ አለች።

ተሳስመው ደኅንነት ከተጠያየቁ በኋላ ወረቀታቸውን ተቀብላ አነበበች። ዱቄት፣ ስኳር፣ የአትክልት ዘይት… ጣቷ እዚህ ላይ ቆመ።

«የየትኛው አትክልት ነው፣ ጋሼ?»

«የፓልም ነዋ!»

«ታዲያ ለምን እንደዚያ ብለን አንጽፈውም?»

ሽማግሌው ሳቁ። «አርባ ዓመት ስጋግር ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ገበያዬን ልትዘጊብኝ ነው?»

«ኧረ በፍጹም! ግን ለፓልም እርሻ ሲባል በሩቅ ምሥራቅ ብዙ ደን ተመንጥሯል። እዚያ ኦራንጉታን የሚባል፣ ጸጉሩ የቀላ፣ እጁ የሰው እጅ የሚመስል እንስሳ አለ። እናቲቱ ልጇን ስድስት ሰባት ዓመት ከጎኗ ሳትለይ ታሳድጋለች፤ ዛፍ ላይ መኝታ መሥራት ሳይቀር ታስተምረዋለች። ዛፉ ሲወድቅ የት ትሂድ? ዘራቸው ሊጠፋ ተቃርቧል።»

«ያሳዝናል። ግን እኔ መጥረቢያ አላነሳሁ! ሊጥ የሚያቦካን ሰው ከዱር እንስሳ ምን አገናኘው?»

ልጅቱ ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ታላቅን መርታት ሳይሆን ማስረዳት እንደሚሻል የገባት ነበረች።

«ጋሼ፣ አባቴ ያጫወተን ነገር አለ። አንድ ነጋዴ በቆሎ የተቀላቀለበትን ከረጢት ‹የእህል ዱቄት› ብሎ ሲያመጣልዎት ምን አሉት?»

«‹እህልማ ሁሉም እህል ነው፤ የምኑን ዱቄት እንደሆነ ጻፍ!› ብዬ ከነመኪናው መለስኩት» አሉ በኩራት። ወዲያው ግን የገዛ ቃላቸው ከነከናቸው። ወረቀቱን ትክ ብለው አዩት።

«እሺ፣ ፓልምን ልተወው?» አሉ።

«የግድ አይደለም። ፓልም ከትንሽ መሬት ብዙ ዘይት ይሰጣል። ደን ሳይመነጠርበት የተመረተ፣ ተመርምሮ የተረጋገጠም አለ። ስሙ ካልተጻፈ ግን ገዢው ምን ብሎ ይጠይቅ? ካልተጠየቀስ አምራቹ ምን ገዶት!»

ሽማግሌው ስልካቸውን አውጥተው ዘይት ለሚያቀርብላቸው ነጋዴ ደወሉ።

«ዘይትህ ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከመጋዘን ነዋ!»

«ከመጋዘኑ በፊትስ?»

ሰውየው «እሱን እንኳ አላውቅም» አለ። ሽማግሌው ስልኩን ዘጉ። «ሕትመቱ ይቆይ» አሏት ለልጅቱ።

የተረጋገጠውን ዘይት የሚያመጣ ሰው እስኪያገኙ ሁለት ወር ባከኑ። ዘይቱ ትንሽ ስለተወደደ ወጪውን ለማካካስ ከመጠቅለያው ላይ ወርቃማውን ቀለም አስቀሩ። በምትኩ ጉልህ ሆኖ ተጻፈ፦ «የፓልም ዘይት፤ ደን ሳይመነጠር የተመረተ።»

በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ሱቆች «ፓልም የሚል ጽሑፍ ገዢ ያሸሻል» ብለው ካርቶኑን መለሱባቸው፤ ሽማግሌውም እንቅልፍ አጡ። ቀስ በቀስ ግን ነገሩ ተለወጠ። አንዲት እናት «ሌሎቹ ለምን አይጽፉም?» ብላ ባለሱቁን ወጥራ ያዘችው። እሱም ሌሎቹን ጋጋሪዎች ወጥሮ ያዘ። በስተመጨረሻ የማዶው ጋጋሪ፣ የዘመናት ተፎካካሪያቸው፣ የአቅራቢውን ስልክ ሊጠይቅ መጣ። ሽማግሌው ሳያቅማሙ ነገሩት።

«እንዲህ በቀላሉ?» አለ ሰውየው ተጠራጥሮ።

«ብቻዬን ስጠይቅ ማን ይሰማኛል? ሁለት ስንሆን ሻጩ ይሰማል፤ አሥር ስንሆን አምራቹም ይሰማል። በላተኛው የሚበላውን ያውቃል፤ እኛም ደፍረን እንሸጣለን፤ ደኑም ከነነዋሪዎቹ ይተርፋል። ይልቅ ጻፈው!»

ሰውየው ወረቀት ቢያጣ ቁጥሩን መዳፉ ላይ ጻፈው።