ለስመኝ የመጣ ኩሽኔታ

ባሕር ዳር፣ ከገበያው ጀርባ ባለች ጠባብ የብስክሌት መጠገኛ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ጋሽ ይርሳው የክለቡ መካኒክ ነው፣ አትጠገብና የእሱ ልጅ ስመኝ የክለቡ ተወዳዳሪዎች ናቸው፣ ነገ ጠዋት ደግሞ ለአፍሪካ ሻምፒዮና አንዲት ሴት ብቻ የምትመረጥበት ውድድር አለ።

አትጠገብ፦ ማን ያየዋል? ኩሽኔታ እኮ ነው ጋሼ፤ ጎማው መሀል ተቀብሮ የሚኖር ነገር። አዲሱን ለእኔ ያድርጉልኝ፣ የእኔን አሮጌ ለስመኝ። ሰው የሚያየው ጎማው ሲዞር ብቻ ነው።

ጋሽ ይርሳው፦ እግዜር ያየዋል።

አትጠገብ፦ እግዜር ሰዓት አይዝም።

ጋሽ ይርሳው፦ እግርሽ እንደ ምላስሽ ቢፈጥን ኖሮ ዛሬ እዚህ ቆመሽ አትለምኚም ነበር።

አትጠገብ፦ ባለፈው በአራት ሴኮንድ ነው የቀደመችኝ። መሸንቲ ደርሶ መልስ፣ ያን ሁሉ መንገድ፣ አራት ሴኮንድ። እርስዎ አፍንጫዎን እስኪጠርጉ ያልቃል።

ጋሽ ይርሳው፦ በጉልበት ልክ ውሃ የሰጠመን ሰው «ጥልቅ አልነበረም» ብለው ከለቅሶው አይቀሩም። ተቀድመሻል፣ ተቀድመሻል።

አትጠገብ፦ ነፋስ ነበረ። እንደሚያውቁት በተራ በተራ ነው የምንወጣው፣ እያንዳንዳችን ለብቻችን ከሰዓት ጋር። እሷ ስትወጣ ቅጠል አይነቃነቅም፤ የእኔ ተራ ሲደርስ ተነሳ።

ጋሽ ይርሳው፦ ነፋስም ሰው ይመርጣል ማለት ነው።

አትጠገብ፦ ይቀልዱ። ነገ በእግሯ ላይ ያ ኩሽኔታ ሲጨመርላት አራቱ ስምንት ይሆናል። ያ የውጭ አገር እንግዳ ለክለቡ ይዞት የመጣ ቀን ጣቱ ላይ አድርጎ ሲያሽከረክረው አይተናል፤ ምሳ በልተን ስንመለስ የሚዞር ነው የመሰለኝ። ለአንድ ብስክሌት ብቻ ነው የሚበቃው። አሰልጣኙም ለፈጣኗ ስጧት ብሎ አረፈው።

ጋሽ ይርሳው፦ በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። አዲስ ነገር አይደለም። ደግሞ ውስጡ ያሉት ፍሬዎች ከሸክላ ናቸው አሉ፤ ሳህን ከሚሠራበት። ብረት ያላደረሰሽን ሳህን ሊያደርስሽ ነው?

አትጠገብ፦ ለእኔ ሲሆን ሳህን፣ ለልጅዎ ሲሆን አልማዝ።

ጋሽ ይርሳው፦ ልጄማ ልጄ ናት። እኔ አባቷ መካኒክ ሆኜ እሷ በአሮጌ ኩሽኔታ ብትሮጥ፣ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይሉኛል።

አትጠገብ፦ ልጅዎን ብስክሌት ላይ ጎንበስ ማለት ያስተማራት ማነው? ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዝ እጇን እየመታሁ ያስተውኳት እኔ አይደለሁም? አንድ ክፍል ነው የምንተኛው። ሲያማት ሾርባ ያጠጣሁ እኔ ነኝ፤ እርስዎ እዚህ ጎማ ሲለጥፉ።

ጋሽ ይርሳው፦ መሰላል ነበርሽ፣ አልካድኩም። ሰው ግን ሰገነት ከወጣ በኋላ መሰላሉን አቅፎ አያድርም።

አትጠገብ፦ ጥሩ። እኔም ልንገርዎት እንግዲህ። እርስዎ በዘመንዎ አንድ ዋንጫ አልነኩም። ኮምቦልቻ ላይ ወድቀው እግርዎ ከተሰበረ ወዲህ ያወሩት ስለዚያች ውድድር ብቻ ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል። አሁን በልጅዎ እግር ሊሮጡ ነው።

ጋሽ ይርሳው፦ እሮጣለሁ። የእሷ እግር አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ደህና ይሮጣል። ያንቺ ሃያ ዘጠኝ ሞላው። በዚህ ዕድሜ በቅሎም ትሸጣለች።

አትጠገብ፦ በቅሎ የሚገዛት ታገኛለች።

ጋሽ ይርሳው፦ አዎ፣ ያም አለ።

አትጠገብ፦ ጋሼ፣ ነገ ካልተመረጥኩ ክለቡ ውሌን አያድስም። ከተመረጥኩ ሁለት ዓመት ያስፈርመኛል። ስመኝ ግን ነገ ብትቀርም ይጠብቋታል፤ ልጅ ናት። እኔን የሚጠብቀኝ የለም። ይህን ያህል ብቻ ነው የምለው።

ጋሽ ይርሳው፦ ዘግይተሻል። የፊቱን ጎማ ጠዋት ገጥሜዋለሁ። የቀረኝ የኋላው ነው።

አትጠገብ፦ ይፈታል።

ጋሽ ይርሳው፦ እንዲህ በቀላሉ? እንዴት አድርጌ እንደሠራኋት ብታዪ እንዲህ አትዪም ነበር። ክዳኗን በመርፌ አንስቼ፣ በናፍጣ ሁለት ጊዜ አጠብኳት። ፋብሪካው ሰስቶ ነው መሰል ሁለት ጠብታ ዘይት ነው ያደረገባት፤ ውሃ የመሰለ። እሱን አጥቤ ጣልኩና ግራሶ ቅባት አጠጣኋት።

አትጠገብ፦ የትኛውን ግራሶ?

ጋሽ ይርሳው፦ የጭነት መኪናውን ነዋ፣ ወፍራሙን። በአውራ ጣቴ እየጠቀጠቅኩ፣ በወዲያ በኩል እስኪወጣ። ግራሶ ያልጠጣ ኩሽኔታ እንደ ራበው ሕፃን ነው፣ መንገድ ላይ ይጮህብሻል። አርባ ዓመት በዚህ እጅ ስንቱ ጎማ ወጣ።

አትጠገብ፦ ሞሉት።

ጋሽ ይርሳው፦ ጢም አድርጌ።

አትጠገብ፦ ጎማውን አንስተው በእጅዎ ሲያሽከረክሩትስ?

ጋሽ ይርሳው፦ ትንሽ ያዝ ያደርጋል። አምስት ጊዜ ዞሮ ይቆማል። አዲስ ስለሆነ ነው፣ ስትጋልበው ይላላል።

አትጠገብ፦ አሮጌውስ? ያወጡት?

ጋሽ ይርሳው፦ አሮጌውማ ተለማምዶ የለም እንዴ፣ ይዞራል፣ ይዞራል። ምነው ዝም አልሽ?

አትጠገብ፦ ዝም አይነቅዝም ይባል የለ።

ጋሽ ይርሳው፦ እንኳን ዝም አልሽልኝ። አሁን አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ከካርቶኑ ውስጥ ወረቀት ወጥቷል፣ በእንግሊዝኛ። ስመኝ ዛሬ ከካምፕ አትወጣም። አሰልጣኙን እንዳልጠይቅ ደግሞ አርባ ዓመት የሠራ ሰው ወረቀት ይዞ «ምን ይላል» ሲል ደስ አይልም። አንቺ ኮሌጅ ገብተሽ ነበር። የኋላውን ከመሙላቴ በፊት ልቤ እንዲያርፍ ነው።

አትጠገብ፦ አነብልዎታለሁ። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ይመልሱልኝ። እኔ ነገ ብቀር ምን እንደምሆን አስበው ያውቃሉ?

ጋሽ ይርሳው፦ ምን ያሳስባል? ዳንግላ እናትሽ ዘንድ ትገቢያለሽ። ጎረቤቱ አንድ ሳምንት «መጣች» ይላል። ቀጥሎ «እዚህ ናት» ይላል። ከዚያ ምንም አይልም። የእኔም እንዲያው ነበር፤ አልሞትኩም።

አትጠገብ፦ ሌላ የሚሉት የለም?

ጋሽ ይርሳው፦ ምን ልበል? ላልቅስልሽ?

አትጠገብ፦ ወረቀቱን ያምጡት።

ጋሽ ይርሳው፦ እንኪ። በግራሶ የነካሁት እኔ ነኝ፣ ጫፉን ያዢ። መነጽር የለኝም፣ ሥዕሉን ግን አያለሁ። ይሄ ሁለት ጠብታ የተሳለበት ምንድነው?

አትጠገብ፦ ውሃ ነው። ዝናብ አይጎዳውም ይላል።

ጋሽ ይርሳው፦ ይሄስ? የግራሶ ጣሳ አይደለም? ላዩ ላይ በቀይ ሰርዘውበታል።

አትጠገብ፦ የቆየ ግራሶ አትጠቀሙ ማለት ነው። የእርስዎ ቆይቷል?

ጋሽ ይርሳው፦ ኧረ ዛሬ ነው የከፈትኩት። ለእሷ ብዬ አዲስ ጣሳ።

አትጠገብ፦ እንግዲያው ምንም አላጠፉም። እዚህ ታች ደግሞ በደንብ ይሞላ ይላል።

ጋሽ ይርሳው፦ በይ እንጂ። «በደንብ» የሚል አለ?

አትጠገብ፦ አለ። በትልቁ ነው የተጻፈው።

ጋሽ ይርሳው፦ አየሽ? ፈረንጁ ዛሬ የጻፈውን እኔ በአውራ ጣቴ አውቀዋለሁ። ተባረኪ፣ እንቅልፌን መለስሽልኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያ ጎማ ያዝ ሲያደርግ ጊዜ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ልጄን ጎድቼ ቢሆንስ እያልኩ።

አትጠገብ፦ ምሳዎን ይብሉ።

ጋሽ ይርሳው፦ አትጠገብ።

አትጠገብ፦ አቤት።

ጋሽ ይርሳው፦ ቅድም ያልኩሽን እርሺው። የበቅሎዋን ነገር። የዳንግላውንም። ሌላ ሰው ቢሆን እንዲያ ከሰደብኩት በኋላ ወረቀቱን ቀዶ ፊቴ ላይ ይጥለው ነበር። አንቺ ቁጭ ብለሽ ለተቀናቃኝሽ አነበብሽ። ደግ እናት ናት የወለደችሽ።

አትጠገብ፦ ማንበብ ምን ያደክማል።

ጋሽ ይርሳው፦ አይ፣ አይ። ስሚኝ። የኋላው ኩሽኔታ ገና እጄ ላይ ነው። ልክ ነሽ፣ ማን ያየዋል? የፊቱ ለስመኝ፣ የኋላው ላንቺ ይሁን። ከዚያ በኋላ እግራችሁ ይፍረድ። ለአሰልጣኙም አልናገርም፣ ለእሷም አልናገርም። ብስክሌትሽን አስገቢልኝ።

አትጠገብ፦ አይሆንም፣ ጋሼ።

ጋሽ ይርሳው፦ ስለዚህ አይደል እንዴ የመጣሽው?

አትጠገብ፦ ነበር። ሳስበው ግን ለስመኝ ነው የመጣው፣ የስመኝ ነው። እኔ በአሮጌው እሮጣለሁ፣ ተለማምዶልኛል።

ጋሽ ይርሳው፦ እሺ፣ እንዳልሽ። ዛሬ ማታ እደውልላትና የሠራሽላትን እነግራታለሁ። እንደ ታላቅ እህትሽ እዪያት እላታለሁ።

አትጠገብ፦ ነገ ከውድድሩ በኋላ ይንገሯት፤ አሁን ትተኛ። እርስዎም ሳይመሽ የኋላውን ይጨርሱላት። ግራሶውን ብቻ እንዳይሰስቱባት፣ ያለችዎት አንድ ልጅ አይደለች?